ጎብጧል ያልኩት ስቲክ

ጅግጅጋ ውስጥ፣ ከቶጎጫሌ የመጣ ዕቃ የሚሸጡ አንድ ሐጂ ሱቅ ገብቼ የፑል ስቲክ አየሁ። መደርደሪያው ላይ ባንከባልለው ቀጥ ያለ፣ እንከን የማይወጣለት ነው። እኔ ብልጡ ግን ዋጋ ላስቀንስ ብዬ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አነጣጠርኩና «ሐጂ፣ ይሄ ጎብጧል እኮ!» አልኳቸው።

ደነገጡ። «አይቃናም?»

«በጭራሽ! ለእርስዎ ስል ግን በግማሽ ዋጋ ልውሰደው።»

«አስተግፊሩላህ! ነውሩን እያወቅኩ ሸጬ ሐራም ልብላ?» አሉና እዚያው ሚስማር መትተውበት የሱቃቸውን ሸራ ደገፉበት። አመስግነውም ሻይ አዘዙልኝ።

ይኸው ዛሬም ሸራውን ተሸክሞ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሐጂም በዚያ ሳልፍ ባዩኝ ቁጥር ለደንበኞቻቸው «ከሐራም ያዳነኝ ልጅ ይሄ ነው» እያሉ ያሳዩኛል።