በጤነኞች መደብ ተመዝግበው የነበሩት እህታችን

ቤተ ዘመዶች፣ የሥራ ባልደረቦችና ጎረቤቶች፣ ልንሰናበታቸው የተሰበሰብንላቸውን የእህቴን የሕይወት ታሪክ እኔ ታላቅ ወንድማቸው በአጭሩ አነብላችኋለሁ።

እህታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ ነርስ እናታቸው የዛሬ አምሳ ሁለት ዓመት ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው እጃችንን መታጠባችንን እያሸተቱ ስለሚያረጋግጡ «መርማሪዋ» እንላቸው ነበር። ሁለተኛ ደረጃን በከፍተኛ ውጤት አጠናቀው፣ በማይክሮባዮሎጂ ሁለት ዲግሪ ተቀብለው በሆስፒታል ላቦራቶሪ ሲቀጠሩ፣ እዚያው የራጅ ባለሙያ ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ተዋውቀው ትዳር መሠረቱ፤ አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ።

ላለፉት ስድስት ዓመታት የደከሙበት ጥናት ከሳንባ ካንሰር ሕሙማን ምራቅና በቀጭን ቱቦ ሳንባቸው ታጥቦ የሚወጣ ፈሳሽ እየወሰዱ፣ በአፍና በሳንባ የሚኖሩትን ረቂቅ ተሕዋስያን ማነጻጸር ነበር። በብዙዎቹ ሕሙማን ሳንባ ውስጥ የአፍ ባክቴሪያዎች በርክተው ቢያገኙም፣ ይህ የበሽታው መንሥኤ ይሁን ውጤት ገና እንዳልታወቀ አጥብቀው ያሳስቡ ነበር። ወሬውን የሰማ ዘመድ ሁሉ በስልክ ሲያጨናንቃቸው፣ «ጥርሳችሁን ቦርሹ፣ ሳንባውን ግን ለሐኪም ተዉት» እያሉ ያስቁን ነበር።

ለንጽጽሩ ጤነኛ ሰው ሲፈለግ ቱቦ ሳንባው ድረስ የሚያስገባ ፈቃደኛ በመጥፋቱ፣ ሲጋራ አጭሰው የማያውቁት እህታችን ራሳቸው ተመዘገቡ። ሐኪሙ ቱቦውን እያስገቡ ሲያጫውቷቸው ቆይተው በድንገት ጨዋታውን ትተው፣ የቱቦው ካሜራ የሚያነሳውን ወደሚያሳየው ስክሪን ጠጋ አሉ። እህታችን ያን ጊዜ ስክሪኑን ላለማየት ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ በኋላ ነግረውኛል። የሳንባ ካንሰር መሆኑ በታወቀ ማግሥት ሥራ ገብተው የገዛ ናሙናቸውን ብልቃጥ ከጤነኞቹ መደርደሪያ አንስተው ከሕሙማኑ ዘንድ ሲያኖሩ፣ ባልደረባቸው ክንዳቸውን ደግፈው ይዘዋቸው ነበር።

አሥራ አራት ወር ታከሙ። እኔ ስልክ በጮኸ ቁጥር ክፉ ዜና እየመሰለኝ ስለምፈራ፣ ሆስፒታሉ ደርሼ እንኳ ደረጃው ላይ ቆሜ እዘገይ ነበር። ስገባም «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያልኩ እደጋግም ነበር። አንድ ቀን ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ «ወንድምዓለም፣ አይዞሽ አትበለኝ። ፈርቻለሁ። አንተም ፈርተሃል። ዝም ብለህ አጠገቤ ተቀመጥ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደረጃው ላይ አልቆምኩም።

ማክሰኞ ጠዋት በቤታቸው፣ ልጃቸው እጃቸውን እንደያዘች ዐረፉ። ፍርሃቱ ለቋቸው ነበር ብዬ በፊታችሁ ልዋሽ አልችልም፤ ብቻቸውን እንዳልፈሩ ግን እመሰክራለሁ።

እናታችንን፣ ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና እኔን ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ሥጋት በማይደርስበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ዛሬ የምርመራ ውጤት እየጠበቁ ያሉትንም ሁሉ አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው አያሳጣቸው። አሜን።