የአያ ታከለ ታኮ

ከጎንደር ደባርቅ መንገድ ላይ ሦስት ትውልድ መኪና ላይ የሠራ ቤተሰብ አለ ሲሉኝ ታሪኩን ልጽፍ ሄድኩ። የልጅ ልጁ ደሳለኝ በአዲሱ ሚኒባስ ጎን ላይ «ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ሾፌር» ብሎ አጽፏል። በእሱው ሚኒባስ አያቱ አያ ታከለ ወደሚኖሩበት ወደ ኮሶዬ ወጣን።

«አያ ታከለ፣ መጀመሪያ የነዱት መኪና ምን ነበር?» አልኳቸው።

«እኔ? ነድቼ አላውቅም።»

ደሳለኝ ደነገጠ። «ምነው አባባ! ተጽፏል እኮ!»

«ይፋቃ! የሚነዳው ቅጥር ሾፌር ነበር። የጭነት መኪናችን ፍሬኑ አይታመንም፤ እኔ የእንጨት ታኮ ይዤ ከኋላ እሮጣለሁ። ዳገት ላይ በቆመ ቁጥር ጎማው ሥር እጥላለሁ።»

ደሳለኝ ወደ እኔ ዞረ። «ይሄን እንዳትጽፈው። አያቱ ረዳት ነበሩ ብለው ይስቁብኛል።»

«አንድ ቀን መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራተተ» አሉ ሽማግሌው። «አባትህ እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ ውስጥ ነበር። ታኮውን ባልጥል ኖሮ አንተን ማን ይወልድህ ነበር?»

ሽማግሌው አብረውን ወደ ከተማ ሊወርዱ ተነሱ። ሚኒባሱ የቆመው ቁልቁለት ላይ ነው። በሩ ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ጎማውን አዩ።

«ታኮው የታል?»

«የእጅ ፍሬን ይዣለሁ፣ አባባ።»

አያ ታከለ ከበሩ አልተነቃነቁም። ደሳለኝ ትንሽ አሰበና ድንጋይ ፍለጋ ሄደ። እኔም የተሳፈርኩት ድንጋዩ ጎማው ሥር ከገባ በኋላ ነው።