ሦስተኛው ጋቢ

(በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ፣ ከሰዓት በኋላ፤ መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። ያለ ጊዜው የተወለደው ሕፃን በሁለት ጋቢ ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ እናቱ ትርንጎ ብዙ ደም ፈስሷት ማዶ አልጋ ላይ ናት። አባቱ ይርሳውና አዋላጇ ሲስተር ውድነሽ ይነጋገራሉ።)

ይርሳው፦ ሦስተኛ ጋቢ ካልጨመሩለት አይሞቅም እኮ እያልኩዎት ነው፣ ሲስተር!

ሲስተር ውድነሽ፦ እኔም ከጠዋት ጀምሮ እየነገርኩህ ነው። ጋቢ ያለውን ሙቀት ይይዛል እንጂ ሙቀት አይሰጥም። እሱ ደግሞ የሚያዝለት ሙቀት የለውም።

ይርሳው፦ እኔ አንድ ጋቢ ለብሼ በዚያ ውርጭ ማሳ ስጠብቅ አድር የለም እንዴ?

ሲስተር ውድነሽ፦ አንተ ሰማንያ ኪሎ ነህ። እሱ አንድ ኪሎ ከአራት መቶ። አንድ ድስት ውሃና አንድ ስኒ ውሃ ፈልተው እኩል ቢወርዱ፣ ቀድሞ የሚቀዘቅዘው የቱ ነው?

ይርሳው፦ ስኒው ነዋ።

ሲስተር ውድነሽ፦ በቃ። ገላው ትንሽ ነው፣ ለዚያ ገላ ደግሞ ቆዳው ይበዛበታል። ሙቀቱ በዚያ ሁሉ ቆዳ ይወጣል። ሸሚዝህን አውልቅ፣ ደረትህ ላይ ላስተኛልህ።

ይርሳው፦ እኔ? እናቱ እያለች?

ሲስተር ውድነሽ፦ እናቱ ቀና ማለትም አቅቷታል። እኔን ወዲያኛው ክፍል ምጥ የያዛት ሴት እየጠራችኝ ነው። ከንጋት ጀምሮ አልተቀመጥኩም፤ እግሬ የኔ አልመስል ብሎኛል።

ይርሳው፦ የሕፃናት ማሞቂያ ማሽኑስ?

ሲስተር ውድነሽ፦ መብራት ሲመጣ። መቼ እንደሚመጣ አንድዬ ይወቀው።

ይርሳው፦ ትንፋሹስ ለምን እንዲህ ይቻኮላል? የሚያባርሩት ይመስላል።

ሲስተር ውድነሽ፦ ብርዱ ነው። እንዲህ ያለ ትንሽ ገላ ለመሞቅ አየር በላይ በላዩ መሳብ አለበት፤ ሳንባው ደግሞ ገና ነው። ሲደክመው መተንፈሱን ይተወዋል። ቆይ፣ ፊቱን ማነው የሸፈነው?

ይርሳው፦ እኔ ነኝ። የሰው ዓይን ፈርቼ።

ሲስተር ውድነሽ፦ ግለጥለት! ጭራሽ አየሩንም ከለከልከው?

ይርሳው፦ ይኸው ገለጥኩ። ግን ማርያምን አላቅፈውም።

ሲስተር ውድነሽ፦ ምን ሆነሃል አንተ ሰው?

ይርሳው፦ የዛሬ ሁለት ዓመት ትርንጎ የመጀመሪያዋን ልጃችንን ቤት ወለደችና ሕፃኗን ይዤ ወደዚህ ሮጥኩ። በሁለት ጋቢ ጠቅልዬ፣ እንዳልጫናት ብዬ ከደረቴ አርቄ። ስደርስ በረዶ ሆናለች።

ሲስተር ውድነሽ፦ ውይ፣ ይርሳው።

ይርሳው፦ ጋቢው አንሷት ነው እያልኩ ነው እስከ ዛሬ የኖርኩት።

ሲስተር ውድነሽ፦ ማን ነግሮህ ታውቅ ነበር? ጥፋቱ ያንተ አይደለም።

ይርሳው፦ ሸሚዜ ሥር ባደርጋት ኖሮ...

ሲስተር ውድነሽ፦ ስማኝ ወንድሜ። ደክሞኛል፤ ቁጭ ብዬ ላጽናናህ አቅም የለኝም። እግሩን ንካው እስቲ።

ይርሳው፦ ቀዝቅዟል።

ሲስተር ውድነሽ፦ እንግዲህ ያንተ ነው። ሴትዮዋ እየጮኸች ነው፣ መሄዴ ነው።

ይርሳው፦ ሲስተር! የሸሚዜ ቁልፍ አልፈታ አለኝ። ሸሚዙን ይቅደዱት!