የአያ ታከለ አውሮፕላንና የወይዘሮ አየለች ድስት

የጥምቀት ሰሞን ነበር። ወደ ቀሐ ጥምቀተ ባሕር የሚጎርፈው ሕዝብ መንገዱን ሁሉ ሞልቶት ስለ ነበር፣ ፅዮን የአክስቷን የወይዘሮ አየለችን ድስት በፌስታል አንጠልጥላ አያ ታከለ ደጃፍ ለመድረስ ግማሽ ቀን ፈጀባት። አያ ታከለ በአዘዞ መንገድ ዳር አሮጌ ፒስተን እያቀለጡ ድስትና ክዳን በመሥራት አርባ ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው። እጃቸው ወርቅ ነው፤ ምላሳቸው ግን ከወናፋቸው ይብሳል የሚሉ ጎረቤቶች አልጠፉም።

ድስቱን ተቀብለው ገለበጡት። ቂጡ ቀልጦ፣ እጅ የሚያሾልክ ቀዳዳ ተከፍቶበታል።

«ወይ አየለች!» ብለው ሳቁ። «ባዶውን ጥዳ ወሬ ይዛ ዋለች አይደል? ምነው ልጄ፣ ውሃ የሌለበት አሉሚኒየም እሳት ላይ ምን ዕድሜ አለው? ይህ ለሕፃንም አይነገርም።»

የፅዮን ዓይን ግን ከአያ ታከለ ትከሻ ባሻገር ግቢው ውስጥ ተተክሎ ቀርቷል። ከባሕር ዛፉ ሥር፣ ክንፉ ሸራ የለበሰ፣ ሁለት ሰው የሚይዝ ትንሽ አውሮፕላን ቆሟል።

አያ ታከለ ይህን አፈጣጠጥ ያውቁታል። ስድስት ዓመት ሙሉ የመጣው ሰው ገሚሱ «አብደዋል» ይላል፣ ገሚሱ ፎቶ ይነሣል። ደረታቸውን ነፋ አድርገው አስገቧት። ልጅቱ አዲስ አበባ የአውሮፕላን ጥገና ተምራ እዚያው የምትሠራ መሆኗን የነገረቻቸው ግማሽ ዙር ከዞረች በኋላ ነው። ቀድመው ቢያውቁ ኖሮ በሩን መክፈታቸው ያጠራጥራል።

«አያ ታከለ፣ ክንፉ ሸጋ ነው። ብየዳውም ነቀፋ አይወጣለትም። ይህችስ ምንድን ናት?» አለች ወደ ጋቢናው አጎንብሳ።

አያ ታከለ የጠበቁት ይህን ጥያቄ ነበር።

«ማሞቂያ ናት! ባለቤቴ እንኳየሁ ደረቷ ብርድ አይችልም። በወገራ በኩል ሽቅብ ስንወጣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከጭስ ማውጫው፣ ከማርሚታው ዙሪያ የሞቀው አየር በዚህች ቀዳዳ ገብቶ እግሯን ያሞቃታል። መዝጊያዋን ራሴ ነኝ አቅልጬ ያፈሰስኋት። ግድግዳውን የሸፈነው የበግ ፀጉር ባና ደግሞ እሷ የፈተለችው ነው፤ በማስቲሽ ለጠፍሁት። የመብረር ፈቃዱ ገና ነው። እሑድ ግን ትክል ድንጋይ ሄደን፣ በወንድሜ ሜዳ ላይ መሬት ለመሬት እንነዳታለን። እንኳየሁም አጠገቤ ትቀመጣለች።»

ፅዮን ሞተሩንና ጋቢናውን የሚለየውን ግድግዳ በጥፍሯ ኳ አደረገችው።

«አሉሚኒየም ነው?»

«እንዴታ! ቀላል ነው።»

«አንድ ነገር ብጠይቅ አይቆጡኝም? ቤንዚን ሞተሩ ላይ ፈስሶ ቢነድ፣ እሳቱ ባለቤትዎ እግር ላይ እንዳይደርስ የሚያግደው ምንድን ነው?»

«ግድግዳው ነዋ!»

«ግድግዳው ከቀለጠስ?»

ልጅ ሲማር ጥያቄ ይበዛበታል አሉ አያ ታከለ በሆዳቸው። በአፋቸው ግን እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ አርባ ዓመት ከእሳት ጋር ስኖር ቅንድቤ እንኳ አልተለበለበም። ደግሞስ ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን ያወጣ ገብርኤል አለ። ሥዕሉን ከፊት ሰቅዬዋለሁ።»

«ገብርኤል ይርዳን። ግን ሠለስቱ ደቂቅ እቶኑን ራሳቸው አልሠሩትም፤ ንጉሥ ነው የጣላቸው። እርስዎ እኮ እቶኑን ራስዎ ሠርተው፣ በሩንም ወደ ሚስትዎ ከፍተው ነው መልአኩን የሚጠሩት።»

ከጓዳው በር ላይ ሳቅ ተሰማ። ወይዘሮ እንኳየሁ ቆመው ያዳምጡ ኖሯል።

አያ ታከለ ፊታቸው ቀላ። «ብረት ላድርገው ብል ማን ያነሣዋል? አውሮፕላን ነው እንጂ ግንብ አይደል!»

«ወፍራም ብረት ማን አለዎት? ከጥፍር የሳሳ የማይዝግ ላሜራ ይበቃል። የሚጨምረው ክብደት አንድ የፋሲካ ዶሮ ቢያህል ነው።»

«ያችን ዶሮ ለመቀነስ እኮ ነው ስድስት ዓመት የለፋሁ!»

እውነቱን ለመናገር ነገሩ የክብደት አልነበረም። መዝጊያዋን ሦስት ጊዜ አፍስሰው፣ ሁለቱን ጥለው፣ ሦስተኛዋን በአሸዋ ወረቀት እንደ መስታወት ያበሩ ሰው፣ የልጅ ልጃቸው ልትሆን ከምትችል ልጅ ፊት «ተሳስቻለሁ» ማለት ሞት ሆኖባቸው ነው። ስንቱን ቤት ያፈረሰው ይኸው ነው፤ ስሕተቱ ሳይሆን ስሕተቱን ማቆላመጡ።

ፅዮን ሄዳ የአክስቷን ድስት ይዛ ተመለሰች።

«ቅድም በር ላይ ምን አሉኝ? ውሃ የሌለበት አሉሚኒየም እሳት ላይ ምን ዕድሜ አለው አላሉም?»

«ብያለሁ።»

«ይህ ግድግዳ ታዲያ በየትኛው በኩል ነው ውሃ ያለበት?»

አያ ታከለ ግድግዳውን ዳበስ አደረጉት።

«ፒስተን ምድጃዎ ውስጥ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል?»

«ወናፉ ከበረታ… ሩብ ሰዓት አይሞላም።»

«እንዲህ ያለ ስስ ላሜራስ?»

«እሱማ ገና ከመግባቱ…» ብለው ጀመሩና ሳይጨርሱ እጃቸውን ዘረጉ። ድስቱን ተቀበሏት። በቀዳዳው አሻግረው ሲያዩ፣ ጋቢናው ወለል ላይ የሚስታቸው እግር የሚያርፍበት ቦታ ታያቸው። ፈሩ። እሳትን እንዲህ ፈርተው አያውቁም። በፍቅር የሠሯት ቀዳዳ ነበልባሉን ቀጥታ ወደ እንኳየሁ የምትመራ ቦይ መሆኗን፣ አርባ ዓመት የሚያውቁትን ነገር፣ እንዴት አላዩትም?

«ሳይቃጠል በቅጠል ነው» አሉ ወይዘሮ እንኳየሁ ቀረብ ብለው። «ስማ ታከለ፣ ልጅቱ ያለችህን አድርግ፤ አለዚያ እኔ እግሬ ቢበርደኝ ይሻለኛል።»

«ምን ላድርግ ልጄ?» አሉ አያ ታከለ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። በዘመናቸው ከተናገሩት ሁሉ ከባዱ ዓረፍተ ነገር ይህ ነበር፤ ከወጣላቸው በኋላ ግን ቀለላቸው።

«ግድግዳው የማይዝግ ብረት ይሁን። የማሞቂያው መዝጊያም፣ አንገቱም፣ ቡሎኑም ብረት ይሁን፤ ግድግዳው ጠንክሮ መዝጊያው ከቀለጠ ምን ዋጋ አለው? ሽቦና ቱቦ የሚያልፍበትን ክፍተት ሁሉ እሳት በሚችል መድፈኛ ይድፈኑ፤ እኔ ከአዲስ አበባ እልካለሁ። የማርሚታው ጭስ ከገባ እንደ እሳቱ ይገድላል። ባናውም ይነሣ፤ ማስቲሹ ሲግል እንኳ ጭሱ መተንፈሻ ያሳጣል።»

«ባናዬን ስጡኝ» አሉ ወይዘሮ እንኳየሁ። «ትከሻዬ ላይ ልደርበው። እዚያም ብርድ ይከለክላል።»

ፅዮን የዕረፍት ፈቃዷ እስኪያልቅ አራት ቀን አብራቸው ሠራች። የእሑዱ ጉዞ ቀረ። መድፈኛው ከአዲስ አበባ መጣ፣ ደረቀ፤ አያ ታከለም አንድ ቁራጭ አዲስ ላሜራ ምድጃቸው ውስጥ ከትተው ሩብ ሰዓት ወናፍ ረገጡበት። ፍም መሰለ እንጂ አልቀለጠም። ያን ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ተኙ።

በየካቲት መጨረሻ ትክል ድንጋይ ሜዳ ላይ ሞተሩ ተነሣ። ወይዘሮ እንኳየሁ ባናቸውን ደርበው ተቀምጠዋል፤ እግራቸው ሞቋል። ሜዳውን ሁለቴ ተመላልሰው ሊያዞሩ ሲሉ የቤንዚኑ የጎማ ቱቦ፣ ማኒኮቶው፣ ሾለከና ከሞተሩ ክዳን ከኮፋኖው ሥር ነበልባል ቦግ አለ። አያ ታከለ ፅዮን ደጋግማ እንዳስጠናቻቸው የነዳጁን ቧንቧ ዘጉ፣ የማሞቂያውን መዝጊያ ሳቡ፣ ሞተሩን አጠፉ፤ የሚስታቸውን እጅ ይዘው ወረዱ። አልሮጡም፤ መሮጥ አላስፈለጋቸውም። የወንድማቸው ቤተ ሰቦች አፈር እየዛቁ እሳቱን አጠፉት።

ኮፋኖው ሲነሣ፣ በሞተሩ በኩል ቀርቶ የነበረ አንድ ስስ የአሉሚኒየም ደጋፊ እንደ ጧፍ ሰም ተንጠባጥቦ አገኙት። ግድግዳው ጠቁሯል፤ ግን ቆሟል። ከወዲህ በኩል፣ ጋቢናው ውስጥ፣ ወይዘሮ እንኳየሁ መቀመጫው ላይ ትተውት የወረዱትን ነጭ ነጠላ ጥላሸት እንኳ አልነካውም። አያ ታከለ ሣሩ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ፤ ከዚያ ሳቁ፤ ሚስታቸውም አብረው ሳቁ።

ብልህ ከሰው፣ ሞኝ ከራሱ ይማራል ይባላል። አያ ታከለ ከድስት ተማሩ፤ ምንም አይደለም፣ ዋናው መማሩ ነው። ያ ግድግዳ እሳት አያጠፋም። ሰው ቧንቧ የሚዘጋበት፣ የሚወደውን ሰው እጅ ይዞ የሚወርድበት ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል። ለዚያች ደቂቃ ሲባል ዶሮ የምታህል ክብደት መሸከም፣ አንዲት ልጅንም «ምን ላድርግ?» ብሎ መጠየቅ አያስቆጭም።

ማምሻውን አያ ታከለ ስልክ ደወሉ።

«ፅዮን፣ ቆመ! ግድግዳው ቆመ ልጄ! እንኳየሁ ይህችው፣ አጠገቤ ናት፤ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥሽ!»

ፅዮንም በደስታ እልል አለች።

«ደግሞ» አሉ አያ ታከለ፣ «የአክስትሽ ድስት ደርሷል። ያችን የማሞቂያ መዝጊያ አቅልጬ ቂጥ አወጣሁለት፤ እንደ መስታወት ያበራል። ለአየለች ንገሪያት፣ ባዶውን እንዳትጥደው።»