አያ እንድሪስ የመረጡት ዘመን

ከመርሳ ወልድያ ሚኒባስ የምነዳ ሰው በጦርነቱ ጊዜ አህያ ነዳሁ። ምን ላድርግ? ነዳጅ የለ፣ መብራት የለ፣ ኔትወርክ የለ። የመርሳ ወፍጮዎች ቆመው ቤታችን ዱቄት አልቋል። ግራና ከተማ አንድ ወፍጮ ጥቂት ናፍጣ ተርፎታል ሲባል ሰምተን፣ ሳያልቅ እንድረስ ብለን፣ ከጎረቤቴ ከሽማግሌው አያ እንድሪስ ጋር እህላችንን በአህያቸው ጭነን ወጣን። ቁልቁለቱ ላይ አህያዋ ሩጫ ስትጀምር፣ ገመዷን እንደያዝኩ ለካ በቀኝ እግሬ መሬቱን እየረገጥኩ ፍሬን እይዛለሁ! አያ እንድሪስ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

“ለመሆኑ” አሉኝ ሳቃቸው ሲበርድ፣ “መኪናህ ውስጥ የድሮ ዘፈን ከፍተህ ‘ምነው በጃንሆይ ዘመን በኖርኩ’ ትል አልነበር? ይኸው፣ መኪናም ስልክም የሌለበትን ዘመን አላህ ሰጠህ!”

“ኧረ ይቅርብኝ፣ አያ!” አልኩ ላቤን እየጠረግሁ። “አንቱስ ይህን ሁሉ ዘመን ኖረዋል፤ ይምረጡ ቢባሉ የትኛውን ይመርጣሉ?”

የጃንሆይን ወይ የደርግን ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ “ወላሂ፣ ያምናውን!” አሉ። “ጋቢና ከጎንህ ተቀምጬ ወልድያ ገበያ ስንሄድ፣ ከመርሳ እስከ ሲሪንቃ ‘ኑሮ ተወደደ፣ ዘመኑ ከፋ’ እያልክ ስታማርር የሰማሁበትን።”

ዛሬ ጦርነቱ አልፎ መኪናዬ ሥራ ጀምራለች። አያ እንድሪስም ጋቢና ገብተው ገና በሩን ሲዘጉ “በል፣ ማማረርህን ጀምርልኝ!” ይሉኛል። እኔም ለደስታቸው ስል እስከ ሲሪንቃ አማርራለሁ።