ማርካዋን ይዞ የሄደው ሰው

በእኛ ጊዜ እዚህ ጅቡቲ ሰው በፊቱ ሳይሆን በብስክሌቱ ነበር የሚታወቀው። አትሳቁ እንጂ፣ የምሬን ነው! ገና ከማዶ ደወሉን ሰምተን "እገሌ መጣ" እንል ነበር። አንዱ መሪው ላይ የፕላስቲክ ጉንጉን ያንጠለጥላል፣ አንዱ ራጂው መሃል፣ በጎማው ሽቦዎች ላይ ባለቀለም ዶቃ ይሰካል፣ ሌላው የኋላ ጭቃ መከላከያው፣ ፓራፋንጎው ላይ ቀይ መስታወት ይለጥፋል፣ እና አርብ አርብ ሁሉም በር በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሲወለውል ነው የሚውለው። ታዲያ ይህን ሁሉ ጌጥ ሲያይ ደሙ የሚፈላ አንድ ሰው ነበር፣ እሱም ዑመር ነው፣ የሥራ ባልደረባዬ።

እኔ የምድር ባቡር ሰው ነበርኩ። የድሮው ባቡር ሲለው መጥቶ ሲለው የሚቀርበት ዘመን ሲመጣ ሥራው ቀዘቀዘ፣ እና እዚሁ ካርቲየ 6 የሚባለው ሰፈር ከዑመር ጋር የብስክሌት መጠገኛ ከፈትን። ዑመር ሶማሌ ነው፣ ግን ድሬዳዋ ነው ያደገው፣ አማርኛው ከእኔ ይበልጣል፣ ሲሳደብ ደግሞ በሦስት ቋንቋ ነው። አንድ አሮጌ ብስክሌት ሲገባ ካቻቢቴውን ይዞ ይነሳና "ወላሂ ታደሰ፣ ይሄ ምን ይሠራል? ይሄስ ምን ይሠራል?" እያለ ጌጡን ሁሉ ይነቅላል። "ብስክሌት ማለት ጎማ ነው፣ ሰንሰለት ነው፣ ፍሬን ነው! ሌላው ዝገት ነው! የዚህ ባሕር ጨው ይሄን ይሄን ነው የሚበላው!" ይለኛል።

"ተው ዑመር፣ ባለቤቱ ይፈልገዋል" እለዋለሁ።

"ባለቤቱ ምን ያውቃል!"

እና ስንጨቃጨቅ እንውላለን። እኔ ያወለቀውን መልሼ እገጥማለሁ፣ እሱ የገጠምኩትን ይነቅላል። የነቀለውን በአሮጌ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ዘይት ላይ ይጥለዋል፣ ጎረቤት ሁሉ ይስቅብናል።

ለእኔ ግን ነገሩ ጌጥ ብቻ አልነበረም። እኛ የምድር ባቡር ሰዎች አንዲት ልማድ ነበረችን። ሰው ወደ ሩቅ ጣቢያ ሲላክ ብስክሌቱን ጣቢያው ግቢ ያቆማል፣ አይደል? ታዲያ ከመሳፈሩ በፊት ከብስክሌቱ አንዲት ትንሽ ነገር፣ ሥራ የሌላትን፣ የደወሉን ክዳን በሉት ግንባሩ ላይ ያለችውን የፋብሪካ ምልክት፣ ማርካዋን በሉት፣ ይነቅልና ኪሱ ይከታል። ሲመለስ መልሶ ይገጥማታል። እስኪመለስ ያን ቦታ ማንም አይነካም። ሌላ ነገር ከተገጠመበትማ፣ ያ ሰው የሚመለስበት ቦታ ተያዘ ማለት ነው እንል ነበር። አሁን ሳወራው የልጅ ነገር ይመስላል፣ ያኔ ግን ማንም አይቀልድባትም።

እንግዲህ ይቺ አስቴር፣ ይቺ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ልብስ የምታጥፈው...

"ጋሼ ደግሞ ጀመረው" አለች።

ልንገራቸው?

"ንገራቸው። ግን እንዳትጨምርበት።"

መቼ ጨምሬ አውቃለሁ! ስሟት እስቲ!

ታዲያ ይቺ አስቴር ያኔ ልጅ እግር ናት፣ ራስ ዲካ አካባቢ አንድ የፈረንጅ ቤት ተቀጥራ እዚያው ነው የምታድር። እጮኛዋ ደረጀ ደግሞ ከእኔ ጋር ምድር ባቡር ይሠራ የነበረ ልጅ ነው፣ ቀልደኛ፣ ሳቂታ። ሥራው ሲጠፋ "የመን እሻገራለሁ፣ ከዚያ ሳዑዲ እገባና አስመጣሻለሁ" አላት። ተው ብንለው ወይ ፍንክች! ታዲያ የሚሄድ ዕለት ያን አሮጌ የፈረንሳይ ብስክሌቱን አምጥቶ ሰጣት፣ እና ከመሪው በታች ግንባሩ ላይ ያለችውን የነሐስ ማርካ፣ የዘንባባ ሥዕል ያለባትን፣ በፊቷ ነቀላትና በክር አድርጎ አንገቱ ላይ አሰራት። "ይቺን ልመልስ እመጣለሁ፣ ቦታዋን ማንም እንዳይነካብኝ" አላት።

ሄደ። ሄደ፣ በቃ። ድምፁ የለ፣ ወሬው የለ። በዚያ በኩል የሚመለሰውን ሁሉ ትጠይቃለች፣ "ደረጀን አይታችኋል?" ማንም አላየውም።

ከርሞ አንድ ደላላ መጣና "እኔ አይቼዋለሁ! ደህና ነው፣ ይጠብቅሻል፣ ላሻግርሽ" አላት። እሷም አመነችው። ምን ታድርግ፣ ልቧ ሊሰማ የሚፈልገውን ነው የነገራት! እና ብስክሌቱን እየገፋች እኛ ጋ መጣች።

"ጋሼ፣ ልሄድ ነው። ማዳም ግቢዋ ውስጥ አይቀመጥም ብላለች። እናንተ ጋ ይቆይልኝ። አደራ፣ ግንባሩ ላይ ምንም እንዳይገጠምበት።"

"ኧረ ምን ቆርጦኝ!" አልኳት። ልታስቀራት የምትችል ቃል ፈልጌ አጣሁ። አትሂጂ ብላትም አትሰማኝም ነበር።

ጣሪያው ላይ ካለው ማንጠልጠያ ሰቀልኩት። ዑመርንም "ይሄን አትንካ፣ ግንባሩን በተለይ" አልኩት። "ደግሞ ጀመረህ" አለኝና ሄደ።

አሁን ነው እንግዲህ ነገሩ የሚመጣው። የዚህን አገር ቀትር ታውቁታላችሁ። የዕለቱ ጫት ከተማ ከገባ በኋላ ሰው ሁሉ ቤቱ ይከተታል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ውሻ እንኳ ከጥላ አይወጣም፣ መንገዱ ነጭ ሆኖ ባዶውን ይቀራል። በዚያ ሰዓት ሱቁ ወለል ላይ ምንጣፍ አንጥፌ ጋደም ብያለሁ። ያ ብስክሌት የፊት ጎማው መሃል ላይ፣ እምብርቱ ላይ የምትጠመጠም የቆዳ ቀለበት ነበረችው፣ ጎማው ሲዞር እያሸች የምታጸዳው። እሷም ያው ጌጥ ናት። ታዲያ ጋደም እንዳልኩ ሽው፣ ሽው፣ ሽው የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ቀና ብል ጎማው ይዞራል።

ነፋስ ነው አልኩ። በሩን አየሁት፣ ዝግ ነው። ከጎኑ የተሰቀለው የሌላ ሰው ብስክሌት ንቅንቅ አይልም። ያኛው ግን ቀስ ብሎ፣ ሰው ተቀምጦበት ደልዳላ መንገድ ላይ እንደሚነዳው ይዞራል፣ ቆዳዋም ሽው ትላለች። በስመአብ ብዬ ተነስቼ በእጄ ያዝኩት፣ ቆመ። ስለቀው ደግሞ ጀመረ። ልጆች፣ ሰውነቴን ወረረኝ! ምንጣፌን ትቼ ፀሐዩ ላይ ወጥቼ ቆምኩ።

በማግስቱም ያው ነው። ሰው የለመደው ሰዓት እንዳለው ሁሉ ቀትርን ጠብቆ ይጀምራል። ለዑመር ነገርኩት፣ "ሙቀቱ ነው፣ ጭንቅላትህን በውኃ አርጥበው" አለኝ። አንድ ቀን ግን እሱም አብሮኝ ዋለና ሰማው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ቁርኣን ይቀራ ነበር። ከዚያ "ይሄ ብስክሌት አንድ ነገር ጎድሎታል" አለኝ። ይሄን የሚለኝ ማን ነው? ያ ዑመር! ጌጥ ጠላቱ የሆነው ዑመር!

አስቴር የምትሄድበት ቀን ደረሰ። እኔ ጠዋት ጣቢያው አካባቢ ጉዳይ ነበረኝና ስመለስ ዑመር ብስክሌቱን አውርዶ፣ ወልውሎ፣ በሩ ላይ አቁሞታል። ፈገግ ብሎ "ይኸው! ጌጥ ጌጥ ስትለኝ ኖረህ የለም? ሙሉ አድርጌልሃለሁ። ልጅቷ ሙሉ ሆኖ አይታው ትሂድ" አለኝ።

ግንባሩን ሳይ ክው አልኩ። ማርካ ተገጥሞበታል! ነሐስ፣ ዘንባባ ያለበት።

"ዑመር! ምን አደረግህ? ከየት አመጣህ?"

"ከቆርቆሮው ነዋ! ዕቃ ስፈልግ እጄ ላይ መጣች። ብሎኖቹም ልክ ገቡ።"

"ያን ቆርቆሮ ስንት ጊዜ ገልብጬዋለሁ፣ እንዲህ ያለች ማርካ ኖራበት አታውቅም!"

"እኔ እንጃ ታደሰ፣ ነበረች። ግን የገረመኝ..." አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሌላው ዕቃ በዘይት የራሰ ነው። እሷ ላይ ዘይት የለም። ጀርባዋ ጨው ነው። እርጥብ ጨው።"

ንቀላት ልለው አፌን ስከፍት አስቴር መጣች። ሻንጣዋን ይዛ፣ ነጠላዋን አጣፍታ። መጀመሪያ ብስክሌቱን አላየችም፣ እኛን ነው ያየችን፣ "ምን ሆናችኋል?" አለች። ከዚያ አየችው። ሻንጣው ከእጇ ወደቀ። ቀረብ ብላ ማርካዋን በጣቷ ዳሰሰቻት፣ ከዳሯ ላይ ጠመም ያለች ቦታ አለቻት፣ እዚያ ላይ ጣቷ ቆመ።

"ይቺ እዚያ ጣቢያው ደጃፍ ላይ ስንወድቅ ነው የተጣመመችው" አለች። "አብረን ነው የወደቅነው። ጋሼ፣ ይቺ አንገቱ ላይ ነበረች። ማን አመጣት?"

ዑመር አንገቱን ደፋ። ጮሃ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር፣ አላለቀሰችም፣ ቀለሟ ብቻ አመድ መሰለ።

ወዲያው ደላላው ከተፍ አለ። "ነይ እንጂ! መኪናው እኮ ቆሟል! ምን ትሠሪያለሽ?"

አስቴር ዞር አለችና ጀርባዋን ለብስክሌቱ ሰጥታ ግንባሩን ሸፈነችው። ረጋ ብላ "ደረጀን መቼ ነው ያየኸው?" አለችው።

"ነገርኩሽ እኮ! ያየሁት በቅርብ ነው። ትናንት ደግሞ ሰው ደውሎልኛል፣ ደህና ነው።"

"ማርካዋስ?"

"ያቺ የነገርሽኝ? ኧረ አንገቱ ላይ ናት! 'ይቺን ሳላደርግ አልውልም' እያለ ሲያሳየን! ሙች ስልሽ!"

እሷ ፈቀቅ አለች።

ደላላው ማርካዋን አያት። እሷን አየ፣ መልሶ ማርካዋን አየ። ያ ሁሉ ምላስ የት እንደገባ እንጃ፣ "እ... እሱ... ሌላ ይሆናላ" አለ። ከዚያ አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ ወደኋላ ሄደና ዘወር ብሎ ወጣ። መኪናው ሲሄድ ሰማነው።

አስቴር መሬት ላይ ቁጭ አለች። "አልሄድም" አለች። "አልደረሰም። ባሕሩ ላይ ነው የቀረው። አልደረሰም ጋሼ።" ያኔ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ ዑመርም "አላህ ይቅር ይበለኝ፣ መልካም ያደረግኩ መስሎኝ ነው" እያለ ያለቅሳል። ጥቁር ለበሰች፣ ሬሳ ሳይኖር ለቅሶ ተቀመጥን።

ለሱቃችን ዕቃ የሚያመጣልንን የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ጠየቅነው፣ ምናልባት ከባሕሩ ዳር ለቅሞ አምጥቷት እንደሆነ ብለን። "እኔ የማመጣላችሁ አሉሚኒየም ነው፣ ነሐስ ባገኝ ለእናንተ እሰጣለሁ?" ብሎ ሳቀብን። እስከዛሬ ከየት እንደመጣች አላውቅም። የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ያን ዕለት ከደላላው ጋር በጀልባ የሄዱት? ደርሰዋል፣ ሁሉም። አንዷማ ከሳዑዲ ደውላ "አስቴር ሞኝ ናት፣ በቁራጭ ነሐስ ከዕድሏ ቀረች" ብላ ነበር። ይበሉ! የምትፈልገው ሰው በሌለበት አገር ምን ልታገኝ?

ብስክሌቱ ያውና ከበስተኋላ ነው። አንድ ፈረንጅ አሮጌ ብስክሌት ሰብሳቢ አይቶት "ሁሉም ጌጡ አለ! ሙሉ ነው!" ብሎ ሊገዛው ለመነን፣ እሷ እንቢ አለች። እኔ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ማርካዋ ከተገጠመች ወዲህ ያ ድምፅ ጠፍቶ ነበር፣ ለቅሶው እስኪያበቃ ድረስ ጸጥ። ከዚያ ደግሞ ጀመረ። አሁንም በቀትር እሰማዋለሁ። ለምን? ሙሉ ነው እኮ! ባለቤቱ የሚመለስበት ቦታ እንደሆነ ተይዟል...

"አልተያዘም" አለች አስቴር። ልብሱን ማጠፏን ተወች።

ምን ማለትሽ ነው?

"ለቅሶው ያበቃ ዕለት፣ አንተ ሰው ስትሸኝ፣ ከማርካዋ አንዱን ብሎን ፈትቼ ወስጃለሁ።" ከአንገቷ ስር ክሯን መዘዘች፣ መስቀሏ አጠገብ ትንሽ ብሎን ታስራለች። "ደረጀ አይመጣም፣ አውቃለሁ። ግን የሚመለስበት አጥቶ እዚያ ውኃ ላይ እንዲቀር አልፈልግም። ጎደሎ ይሁን።"

አንቺ ሴት! ይሄን ሁሉ ዘመን! እኔ በየቀኑ ምንጣፌን ይዤ ስሸሽ ዝም ብለሽ ታይኛለሽ? ነይ፣ በይ አምጪው፣ አሁን ሄጄ... አይ። ተይው። ተይው አስቴር፣ አንገትሽ ላይ ይቆይ።