አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለተኛው ቃል

(አዲስ አበባ፣ የአንድ ቤተ መጻሕፍት ሦስተኛ ፎቅ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ። የጠፈር ሳይንስ መዝገበ ቃላት ከሚያዘጋጀው ኮሚቴ በሕይወት የቀሩት ሁለት ጡረተኞች፣ የፊዚክስ መምህሩ አቶ ይርዳው እና የቋንቋ መምህርቷ ወይዘሮ አስካለ፣ በአንድ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል።)

አስካለ፦ አልሰማም። ዛሬ አንድም ተጨማሪ ማስረጃ አልሰማም። ድምፅ እንስጥና እንሂድ።

ይርዳው፦ ትንፋሽዎ እንኳ አልተመለሰም እኮ። ትንሽ ይረፉ።

አስካለ፦ ማረፍ ቢያምረኝ ቤቴ አርፍ ነበር፤ በዚህ ጉልበት ሦስት ፎቅ አልወጣም። አጀንዳውን ያንብቡ።

ይርዳው፦ እሺ። ተራ ቁጥር አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት፣ የመጨረሻው ቃል። ረጨት፣ ማለትም ጋላክሲ ሆኖ፣ እምብርቱን ቀጥ ያለ የከዋክብት ክምችት የሚያቋርጠው፤ ጥምዝ ክንዶቹም ከዚያ ክምችት ጫፍና ጫፍ የሚነሡ። ስያሜው...

አስካለ፦ ባለ መቀርቀሪያ።

ይርዳው፦ ባለ አግዳሚ።

አስካለ፦ ስድስት ዓመት!

ይርዳው፦ መቀርቀሪያ ሲሉት ለተማሪው የሚታየው የጓሮ በር ነው።

አስካለ፦ አግዳሚ ሲሉትስ? መናፈሻ ሄዶ ሊቀመጥበት ነው የሚያምረው። ይህንንም ተባብለነዋል። ቃለ ጉባኤውን ቀኑን ብቻ እየለወጥኩ ነው የምገለብጠው፤ «አንድ ለአንድ፤ ለሚቀጥለው ሐሙስ ተላልፏል።»

ይርዳው፦ ደንብ ነው። ከግማሽ በላይ ድምፅ ያላገኘ ቃል አይጸድቅም። ሁሉም ካልጸደቀ ደግሞ መጽሐፉ ማተሚያ ቤት አይገባም።

አስካለ፦ ደንቡን ያወጣነው አምስት ሆነን ነው! አምስት ሰው እኩል አይከፈልም ብለን። ሦስቱ ቀድመውን ይሞታሉ ብሎ ማን አሰበ?

ይርዳው፦ ሰብሳቢያችን መምህር ወልደሰንበት ቢኖሩ...

አስካለ፦ ቢኖሩ «ባለ ዘንግ» ይሉና ሦስት እንሆን ነበር። ነፍሳቸውን ይማርና፣ እሳቸውም ግትር ነበሩ።

ይርዳው፦ እኛ ብቻ አይደለንም እኮ። ነገሩ ራሱ መቼ ረጋ? ፈረንጆቹ መጀመሪያ ረጨቱን ሁሉ ደመና ነው አሉ። ይህኛውን ደግሞ መሀሉን ጭረት ያለፈበት ክብ ይመስላል ብለው በግሪክ ፊደል ጠሩት። እሱን ጣሉና ክምችቱ ያለውና የሌለው ብለው ለሁለት ከፈሉ። አላረካቸውም፣ «በመጠኑ ያለው» የሚል መሀል ላይ አስገቡ።

አስካለ፦ እነሱ ያስገቡ። ገና ወጣቶች ናቸው።

ይርዳው፦ የራሳችን ረጨት፣ ፍኖተ ሐሊብስ! ይህን ኮሚቴ ስናቋቁም መሀሉ እንዲህ ያለ ክምችት የለበትም ብለን ነበር የምናስተምረው። አለበት ብሎ የጻፈ ቢኖር ኤክስ ነበር የማደርግበት። ዛሬ አለበት ሆነ።

አስካለ፦ ያኔ እኔም ጉልበት ነበረኝ፤ ዛሬ የለኝም ሆነ። አቶ ይርዳው፣ ቅዳሜ ልጄ ልትወስደኝ ትመጣለች።

ይርዳው፦ ወዴት?

አስካለ፦ ሐዋሳ። ቤቷ ደረጃ የለውም።

ይርዳው፦ ለስንት ቀን?

አስካለ፦ ለመኖር። ቤቴን አከራይቻለሁ።

ይርዳው፦ እንዲህ ያለ ነገር... እንዲህ ያለ ነገር አስቀድሞ በአጀንዳ ይያዛል እኮ።

አስካለ፦ አሁን ያዝነው። ስለዚህ ዛሬ ያልቃል። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፣ ይኸው እየጻፍኩ ነው። የወይዘሮ አስካለ ድምፅ፦ ባለ አግዳሚ።

ይርዳው፦ ምን አሉ?

አስካለ፦ የእርስዎን መረጥኩ። አሸነፉ። እጅዎን ያንሡና እንፈርም።

ይርዳው፦ አምነውበት ነው?

አስካለ፦ ደክሞኝ ነው። የደከመው ሰው ድምፅ አይቆጠርም የሚል አንቀጽ አለ?

ይርዳው፦ የለም። ግን... አግዳሚ ራሱ፣ ሳስበው፣ ችግር አያጣውም።

አስካለ፦ እንዴ!

ይርዳው፦ አግዳሚ ሲባል አግድም የተኛ ነው። ሰማይ ላይ ደግሞ አግድምና ቁም የለም። አንዳንዱ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው የሚታየን።

አስካለ፦ ይህን በመጀመሪያው ሐሙስ ያልኩዎት እኔ ነኝ! «ተቀባይነት የለውም» ብለው በገዛ እጄ አስጽፈውኛል።

ይርዳው፦ ዛሬ ገባኝ። እንግዲህ የኔ ድምፅ ለመቀርቀሪያ ይሁን።

አስካለ፦ እና እንደገና አንድ ለአንድ?

ይርዳው፦ ምን ይደረጋል። ለሚቀጥለው ሐሙስ...

አስካለ፦ አቶ ይርዳው፣ ወደኔ ይዩ። የሚቀጥለው ሐሙስ የለም። ቃሉን ጠልተውት አይደለም። እንዲያልቅ ነው ያልፈለጉት።

ይርዳው፦ ምን ልበልዎት።

አስካለ፦ እውነቱን።

ይርዳው፦ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤት የሚጠብቀኝ ሬዲዮ ነው። ከዓርብ እስከ ረቡዕ ስሜን የሚጠራኝ ሰው የለም። ሐሙስ ሲሆን ሸሚዝ እተኩሳለሁ፤ ጢሜን እላጫለሁ። የሚሟገተኝ ሰው አለ። ብቸኝነት ፈራሁ፣ ወይዘሮ አስካለ። ይኸው ነው።

አስካለ፦ ታዲያ ይህን ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? ታች ካፌው ውስጥ ቁጭ ብለን ሻይ እንጠጣ ነበር! ለዚህ ብለው ነው ስድስት ዓመት ደረጃ ያስወጡኝ?

ይርዳው፦ ሻይ እንጠጣ ማለት አፈርኩ። ስብሰባ መጥራት ይቀለኛል።

አስካለ፦ ሦስት ሰዎች መጽሐፋቸውን ሳያዩ ተቀበሩ። መምህር ወልደሰንበት ሆስፒታል ተኝተው እንኳ «ወጣ ወይ?» ነበር የሚሉኝ። እኔም ሳላየው ልሙት? ተናድጄብዎታለሁ። መናደዱም ራሱ አድክሞኛል።

ይርዳው፦ ይቅር ይበሉኝ።

አስካለ፦ እሱን ቃለ ጉባኤ ላይ አልጽፈውም። እጅዎን ያንሡ።

ይርዳው፦ ሲታተም ሐዋሳ ማን ያደርስልዎታል?

አስካለ፦ በፖስታ ይላኩት። አውቶቡስ የሚችሉ ከሆነ ይዘውት ይምጡ። መጀመሪያ ግን መጽሐፍ ይሁን።

ይርዳው፦ ለየትኛው ነው የማነሣው?

አስካለ፦ ለአግዳሚ ነዋ! የራስዎ ቃል አይደል?

ይርዳው፦ ነው። ማሸነፍ ግን እንዲህ አልመሰለኝም ነበር። ደስ አላለኝም።

አስካለ፦ ያሸነፈ ደስ ይበለው የሚል ደንብ የለንም።

ይርዳው፦ ይኸው፣ አነሣሁ። ቶሎ ይጻፉት፣ ወይዘሮ አስካለ፤ ሳላወርደው።